ስካቫተሩ ገል ቢያወጣስ? በግንባታ ጊዜ ቅርስንና አካባቢን የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

አብዛኛው ትልቅ ፕሮጀክት የአካባቢ ተፅዕኖ ሰነድ አለው። ወፍራም ነው፣ ማህተም አለው፣ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መሬቱን የሚቆፍረው ኦፕሬተር ግን አይቶት አያውቅም። የጥንት መቃብር ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ናፍጣ ወደ ወንዝ ሲወርድም መጀመሪያ የሚያየው ቀን ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ሰነድ ለሚያዘጋጁት ሳይሆን ሳይት ላይ ለሚውሉት ነው። ለሳይት መሐንዲስ፣ ለፎርማን፣ ለወረዳ የውሃና የመንገድ ባለሙያ፣ የራሱን ቤት ለሚያስገነባ ሰውም ይሆናል።

1. ሕጉን በሦስት ነገር ያዙት

ሕግ ማንበብ ይሰለቻል። ግን ሦስት ነገር ካወቃችሁ ሳይት ላይ የሚነሳው አብዛኛው ክርክር ያልቃል።

የመጀመሪያው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። አንቀጽ 41 በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በመሳሰለው ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም እንዳለ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የቀረውን ነው። ያገኘውን ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪ ካለም እንዲተካለት አንቀጹ ይላል። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ አግኚው ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ በማሳወቅ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። «አንዴ ከተናገርን ፕሮጀክቱ ቆሞ ይቀራል» ለሚሉ ሰዎች ይህንን አሳዩአቸው።

ዛሬ ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። በክልልና በወረዳ ደግሞ የባህልና ቱሪዝም መዋቅር አለ። ሌላም ልብ በሉ፤ በዚሁ አዋጅ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ ፈልጎ መቆፈር ክልክል ነው። «እስቲ ትንሽ ገለጥ አድርገን እንየው» የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ከነቅድመ ሁኔታው ነው የሚመጣው። ቅድመ ሁኔታዎቹን ከሰነዱ ለቅማችሁ በአንድ ገጽ ጻፏቸው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ያ አንድ ገጽ ነው።

ሦስተኛው ውላችሁ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም መደበኛው የግንባታ ውል፣ በአንቀጽ 4.24 ላይ ስለ ቅሪተ አካልና ጥንታዊ ዕቃ ይናገራል። በ2017ቱ እትም ወደ 4.23 ተዛውሯል። ይዘቱ ቀላል ነው። ተቋራጩ የተገኘውን ይጠብቃል፣ ለአማካሪ መሐንዲሱ ያሳውቃል፣ በመዘግየቱ ምክንያት የጊዜ ማራዘሚያና የወጣ ወጪ መጠየቅ ይችላል። በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነም የባንኩ ስምንተኛ ስታንዳርድ፣ ድንገት ቅርስ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ ሥርዓት በግንባታ ውሎች ውስጥ እንዲገባ ያዛል። እዚህ ላይ ልዩ አንቀጽ ያለው ውል ካላችሁ የእናንተው ይበልጣል፤ አውጡና አንብቡት።

2. ማሽን ከመግባቱ በፊት ቦታውን በእግር ሂዱት

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዋሽ ዳር የ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ታሪክ የተቀበረበት ቦታ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር አርኪዮሎጂስት አልነበረም። የውሃ ባለሙያ ነበር። ለውሃ ሥራ ሲዞር ዓይኑን ወደ መሬት ጣል አደረገ። በ2024 እ.ኤ.አ. ቦታው ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

እናንተም ማድረግ የምትችሉት እንደዚያ ያለ ነገር ነው። መስመሩን ወይም ግቢውን ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ በ10 ሜትር ርቀት ሂዱት። የአፈር ማውጫውን፣ የድንጋይ ካባውን፣ ካምፑንና ተለዋጭ መንገዱንም አትርሱ። በሰነዶች ውስጥ በብዛት የሚረሱት እነዚህ ናቸው። ዋናው መንገድ ተጠንቶ ድንጋይ የሚወጣበት ኮረብታ ሳይታይ ይቀራል።

የምትፈልጉት ይህን ነው፦

- ተሰባብሮ የተበተነ ገል፣ በተለይ ከአንድ ቦታ ብዙ ሲሆን
- ጠርዙ የተጠረበ የሚመስል ባልጩት
- በመስመር ወይም በክብ የተደረደረ ድንጋይ፣ ያለ ምክንያት የተከመረ ጉብታ
- በአካባቢው ከሌለው አፈር የተለየ፣ አመድ የሚመስል ግራጫ ንብርብር፤ የወንዝ ዳር ናዳና የቦይ ግድግዳ ለዚህ ጥሩ መመልከቻ ነው
- ብቻውን የቆመ ወይም የወደቀ ረጅም ድንጋይ

ስታገኙ አታንሱ። ፎቶ፣ ቦታ፣ ማስታወሻ። በቃ።

ቦታው ከጥንት ጀምሮ ሰው የኖረበት ከሆነ በእግር መሄድ ብቻ አይበቃም። አክሱም ለዚህ ምስክር ናት። ከሮም የተመለሰው ሐውልት ከመተከሉ በፊት በ2005 እ.ኤ.አ. ከመሬት በታች በመሣሪያ ጥናት ተደረገ። በአካባቢው የመቃብር ክፍሎችና መተላለፊያዎች ተገኙ፤ እዚያ የነበረው የመኪና ማቆሚያ ሥር ሳይቀር። ከላይ ሲታይ ደልዳላ መሬት ነው። እንደ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ሐረር ጁገል፣ ጥያ ወይም ጌዴኦ ባሉ አካባቢዎች አቅራቢያ የምትሠሩ ከሆነ የባለሙያ ዳሰሳ በጀት ውስጥ ይግባ። ከአፈር ሥራው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው።

3. ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፣ ግን በትክክል ጠይቁ

«እዚህ ቅርስ አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «የለም» ነው። ቅርስ ሲባል ሰው የሚያስበው ዘውድና ብራና ነው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ። እባብ አለበት ተብሎ የማይታረስ ቦታ አለ? ልጆች እንዳይሄዱበት የሚከለከሉበት? የድሮ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነበረ የሚባልበት? ሲታረስ ድንጋይ የሚያስቸግርበት ማሳ የቱ ነው? ሰፈሩ ከመነሳቱ በፊት ሰው የት ይቀበር ነበር?

በጥያ አካባቢ የቆሙትን ድንጋዮች ሕዝቡ ከግራኝ ስም ጋር አያይዞ ይጠራቸዋል። ታሪኩ ትክክል መሆን አለመሆኑ ለእናንተ ሥራ ለውጥ የለውም። ዋናው ስም የተሰጠው ድንጋይ መኖሩ ነው። ከ36ቱ ድንጋዮች ሥር ሲቆፈር የተገኘው መቃብር ነው።

እናቶችን ለብቻቸው ጠይቁ። ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት እነሱ ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ግን ብዙም አይናገሩም። ምንጩ በበጋ የት እንደሚደርቅ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ማኅበር እንደሚበላ፣ ከቄሱም ከቀበሌ ሊቀ መንበሩም ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ያገኛችሁትን ሁሉ በካርታ ላይ አስቀምጡ።

ካርታ ካነሳን አይቀር። የስልካችሁ ጂፒኤስ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 መለኪያ ነው። የአገራችን የድሮ ካርታዎችና ብዙ የመንገድ ዲዛይኖች ደግሞ አዲንዳን በሚባለው የድሮ መለኪያ ናቸው። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። መቃብሩን ከመንገዱ ውጭ አስቀምጣችሁ፣ ነገ ዶዘሩ መሐሉ ላይ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩን ስትጽፉ የየትኛው መለኪያ እንደሆነ ጎኑ ላይ ጻፉ።

4. ሰዎቹን አዘጋጁ (ይህን ካልዘለላችሁ ሌላው ይቀላል)

አንድ ቀን ሠራተኛ ሲቆፍር እንስራ አገኘ እንበል። ከተናገረ ሥራው ይቆማል። ሥራው ከቆመ የዕለቱ ክፍያ ይቀራል። ነገ ይምጣ አይምጣም አይታወቅም። ዝም ካለ ግን ምንም አይቀርበትም። እንስራውን በአካፋ ሁለት ጊዜ መታ ቢያደርገው ጉዳዩ አለቀ። ኦፕሬተሩም እንዲሁ ነው፤ የሚከፈለው በሰዓት ወይም በቢያጆ ነው።

እንግዲህ ይህንን ሒሳብ መገልበጥ የእናንተ ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግልጽ አድርጉ፦ ቅርስ ተገኝቶ ሥራ ከቆመ የዚያ ቡድን የቀን ክፍያ አይቋረጥም። የማሽኑ ሰዓትም ይቆጠራል፣ ወይም ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ያሳወቀው ሰው ስሙ በሪፖርቱ ላይ ይጻፋል፤ ሽልማት ከመጣ የሚመጣው ለእሱ ነው እንጂ ለፕሮጀክት ማናጀሩ አይደለም። ይህ በቃል ሳይሆን በተፈረመ ማስታወሻ ይሁን። የትኛውም ሥልጠና ከዚህ ማስታወሻ አይበልጥም ባይ ነኝ።

ከዚያ ሥልጠናው አጭር ይሁን። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ። እውነተኛ የገል ስባሪ፣ የባልጩት ድንጋይ፣ የአጥንት ፎቶ አሳዩ። ቋንቋው የሠራተኛው ቋንቋ ይሁን፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ቡድን ላይ በአማርኛ መዝረክረክ ዋጋ የለውም። በመጨረሻም አንድ ሰው ይሰየም። ፎርማኑ ይሁን የደኅንነት ባለሙያው፣ ስሙና ስልኩ በየማሽኑ ጋቢና ውስጥ ይለጠፍ። አዲስ ሰው ሲቀጠር ሥልጠናው ይደገማል። ቀን ሠራተኛ በየሳምንቱ ይቀያየራላ።

5. የመጀመሪያው ግፈፋ

የላይኛው ለም አፈር ላይ ሁለቱ ጉዳዮች ይገናኛሉ። ለገበሬው ሀብቱ ነው። ለአርኪዮሎጂም የመጀመሪያው ምልክት የሚታይበት ነው።

ሥጋት ባለበት ቦታ ጥርስ የሌለው ባኬት ተጠቀሙ። ጥርስ ያለው ሁሉን ይቧጥጣል፤ ለስላሳው ባኬት ግን ወለሉን አጽድቶ ይሄዳል፣ የአፈር ቀለም ለውጥ በግልጽ ይታያል። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይገፈፍ። ከማሽኑ ፊት ሳይሆን ከጎን፣ ኦፕሬተሩ በሚያየው ቦታ፣ አንድ ሰው ቆሞ ይመልከት። ማሽኑ ወደ ኋላ እየሄደ ይግፈፍ እንጂ የገፈፈውን መሬት አይርገጥ።

ለሙን አፈር ከሥሩ ካለው ጋር አትቀላቅሉ። ለብቻው ከምሩት፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር አይብለጥ። ሲበዛ ከሥር ይታፈንና በውስጡ ያለው ሕይወት ይሞታል። ክረምት የሚያልፍበት ከሆነ ሣር ይዘራበት። ክምሩ ላይ ሲኖትራክ አይውጣበት።

ዋልካው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከፋውንዴሽን የወጣ ጥቁር አፈር ተዳፋት ላይ ከተደፋ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወደ ታችኛው ማሳ ይዞት ይወርዳል። መድፊያ ቦታ በጽሑፍ ከባለ መሬቱና ከቀበሌው ጋር ተስማሙበት፤ አቅጣጫው ወደ ወንዝ አይሁን።

6. ተገኘ! የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

በቅደም ተከተል ነው። አትዝለሉ።

*አቁሙ።* ኦፕሬተሩ ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፎ ሞተሩን ያጥፋ። ማሽኑን ለማንሳት ተብሎ እንኳ በግኝቱ ላይ እንዳይመላለስ። ማቆም ማለት ፕሮጀክቱን በሙሉ ማቆም አይደለም። ዙሪያውን 50 ሜትር ያህል ከልሉና ቀሪው ሥራ ይቀጥል። ከተማ ውስጥ ቦታው ካልፈቀደ ቢያንስ ግኝቱና የወጣው አፈር ያለበት ሁሉ ይከለል።

*የወጣውን አፈር ጠብቁ።* ይህን ሁሉም ይረሳል። ስባሪዎቹ ግማሹ ባኬት ውስጥ፣ ግማሹ ሲኖትራኩ ላይ ናቸው። መኪናው ሄዶ ከሆነ ደውላችሁ አስመልሱት፣ ወይም የደፋበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት።

*አታንሱ፣ አታጥቡ፣ አታጽዱ።* ለባለሙያው ከዕቃው በላይ የሚጠቅመው የተቀመጠበት ሁኔታ ነው። የትኛው ንብርብር ላይ ነበር፣ ከጎኑ ምን ነበር፣ ወዴት ዞሮ ነበር የሚለው። የታጠበ ሸክላ ውስጡ የነበረውን የምግብ ቅሪት ያጣል። በእጅ የተነካካና ሲጋራ አመድ የወደቀበት ከሰል ለዕድሜ ምርመራ ይበላሻል። ከወደቀበት ቦታ የተነሳ ዕቃ ቆንጆ ይሆናል እንጂ ብዙ አይናገርም።

*ፎቶ አንሱ።* አንድ ከሩቅ፣ አካባቢው እንዲታይ። አንድ ከመካከለኛ ርቀት። ብዙ ከቅርብ። ሜትር ወይም እስክሪብቶ ጎኑ አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ሰሜን በየት እንደሆነ ወረቀት ላይ ቀስት ሥላችሁ አስገቡ። የጂፒኤስ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ ጥልቀቱን፣ ያገኘውን ሰው ስም ጻፉ።

*ሸፍኑ።* ከፀሐይና ከዝናብ። ለዘመናት እርጥብ አፈር ውስጥ የቆየ አጥንት ወይም እንጨት ፀሐይ ሲያገኘው በሰዓታት ውስጥ ይሰነጣጠቃል። ንጹሕ ጨርቅ፣ ከላዩ ልል አፈር ወይም ሸራ። ላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ አትጠቅልሉ፤ ውስጡ ያልበዋል። ዝናብ ካለ ዙሪያውን ትንሽ የውሃ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፣ ከክልሉ ውጭ ሆኖ።

*ጠባቂ አቁሙ።* በሌሊትም ጭምር። እዚህ አገር «ወርቅ ተገኘ»፣ «ሜርኩሪ አለበት» የሚል ወሬ ከሞባይል ኔትወርክ ይፈጥናል። ሲመሽ አካፋ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ከውጭ ከመጣ ጥበቃ ይልቅ አንድ የፕሮጀክቱ ሰውና አንድ በአካባቢው የተመረጠ ሰው አብረው ቢጠብቁ ይሻላል። ፎቶውን ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ ማንም አይለጥፍ። ይህ በተለይ ለወጣት መሐንዲሶች ነው!

*አሳውቁ።* በዚያው ዕለት ስልክ፣ በማግስቱ ደብዳቤ። ለአማካሪ መሐንዲሱ፣ ለአሠሪው፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን። የደብዳቤው ቅጂ ላይ ተቀባዩ ቀንና ፊርማ ያስቀምጥ። ስልክ ማስረጃ አይሆንም።

ዘግይቶ ማሳወቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከሳምንት በኋላ የመጣ ባለሙያ የሚያየው እግር የረጋገጠው ጉድጓድ ነው።

7. አጥንት፣ ወይም ፈንጂ

የሰው አጥንት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠራው ፖሊስ ነው። የጥንት ይሁን የቅርብ እናንተ መወሰን አትችሉም። በቀይ ሽብር ዘመን የተገደሉ ሰዎች የጅምላ መቃብሮች ከዓመታት በኋላ ተቆፍረው ለፍርድ ሂደት ማስረጃ ሆነዋል፤ በሥራው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ተሳትፎበታል። እናንተ «የድሮ ነው» ብላችሁ የገፋችሁት አጥንት የአንድ ቤተሰብ የጠፋ ልጅ ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ወንጀል አይደለም ካለ ቀጥሎ የቅርስ ባለሙያውና የሃይማኖት አባቶች ይመጣሉ። ዘመድ ያለው መቃብር ከሆነ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድና ያለ ሥርዓቱ አይነሳም። ሠራተኛው ከአጥንት ጋር ፎቶ እንዳይነሳ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የብረት ነገር ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ ያጋጥማል። የዛገ ስለሆነ ሞቷል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ፎቶ መለኪያ ምናምን የለም። በመጡበት ዱካ ተመልሳችሁ ውጡ፣ ሰው አርቁ፣ ለፖሊስና ለመከላከያ ደውሉ።

8. እየጠበቃችሁ ምን ትሠራላችሁ?

መጀመሪያ የጊዜና የወጪ ጥያቄያችሁን አስገቡ። በ1999ኙ ፊዲክ አንቀጽ 20.1 መሠረት ማስታወቂያው ጉዳዩን ካወቃችሁ በ28 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ካለፈ መብቱ ያልፋል። ብዙ ተቋራጭ ቅርስ የሚደብቀው «እከስራለሁ» ብሎ ነው። የሚያከስረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ደብዳቤ አለመጻፍ ነው። የቆመውን ማሽን ሰዓት፣ የሠራተኛውን ቁጥር፣ የጥበቃውን ወጪ በየቀኑ መዝግቡና አማካሪውን አስፈርሙ።

ቀጥሎ አማራጭ ይዛችሁ ጠብቁ። ባለሙያው ሲመጣ «መቼ ነው የምትለቁን?» ብቻ ከሆነ ጥያቄያችሁ ንግግሩ አይረዝምም። እንዲህ ያሉ ሐሳቦች ይኑሯችሁ፦ መስመሩን ጥቂት ሜትር ማዞር። የቧንቧውን ጥልቀት መቀነስ። በቆረጣ ፋንታ በሙሌት ማለፍ። በሙሌት ሲታለፍ ግኝቱ ላይ ጂኦቴክስታይል (ውሃ የሚያሳልፍ የግንባታ ጨርቅ) ተነጥፎ ንጹሕ አሸዋ ይለብስና ከዚያ ሙሌቱ ይመጣል፤ ሮለሩ ያለ ንዝረት ይሂድ። ይህን የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው፤ ስዕሉን የምታቀርቡት ግን እናንተ ናችሁ። ማንሳት የግድ ከሆነ ቆፍሮ የሚያወጣው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው።

ወደ ሥራ የምትመለሱት በጽሑፍ ፈቃድ ነው። «ቀጥሉ ብለውናል» አይሠራም፣ ማን አለ፣ መቼ አለ ይባላልና።

9. ውሃ፣ ዘይት፣ ትንኝና ዛፍ

ቅርስ በየቀኑ አይገኝም። ይህኛው ግን የየዕለት ሥራ ነው።

ውሃ ላይ ትልቁ ጠላት ደለል ነው። አፈር የሚያንቀሳቅስ ሥራ በተቻለ መጠን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይለቅ። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ የአካባቢውን ገበሬ ጠይቃችሁ አስሉ። የተገለጠውን መሬት ሁሉ በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ክፈቱ። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ አዙሩት። ከታች ደግሞ የድንጋይ ክትርና የደለል ማቆያ ጉድጓድ ይኑር። ለተዳፋት ከውጭ የሚመጣ መረብ አያስፈልግም። ቬቲቨርና ደሾ ሣር እዚሁ አሉ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ያውቃቸዋል። ከክረምቱ በፊት ተተክለው መያዝ አለባቸው እንጂ ናዳው ከጀመረ በኋላ ዋጋ የላቸውም።

ሚክሰርና ባሬላ የታጠበበት ውሃ ወደ ወንዝ አይሂድ። የሲሚንቶ ውሃ ፒኤች 12 ገደማ ይደርሳል፤ ዓሣ ይገድላል፣ እጅም ያቃጥላል። ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃው እዚያ ይርጋ፣ የደረቀው ለሙሌት ይሄዳል።

ነዳጅ ማከማቻው ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ የራቀ ይሁን። ዙሪያው በሲሚንቶ ይገንባ፤ የሚይዘው መጠን ከትልቁ ታንከር 110 በመቶ ይሁን። ያ ማለት 10,000 ሊትር ታንከር ካላችሁ ክትሩ 11,000 ሊትር ይይዛል። ግርጌው ያለው የውሃ ማስወጫ ቧንቧ ሁልጊዜ ተዘግቶ ይቆለፍ። ክፍቱን የተረሳ ቧንቧ ክትሩን በሙሉ ከንቱ ያደርገዋል። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ይሰብሰብና ለሚረከብ ድርጅት ይሰጥ፤ አቧራ ማርከፊያ አይደለም። ለአቧራ ውሃ ይበቃል፣ ሲኖትራኮችም ሸራ ይልበሱ።

ትንኝ ብዙ ሰው አያስብበትም። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ነው። ከለመድነው ትንኝ የሚለየው ከተማ መውደዱ ነው፤ በበርሜልና በገንዳ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይራባል። ኮንክሪት የምታጠጡበት ገንዳ ለእሱ ምቹ ቤት ነው። ክደኑት። መክደን ካልተቻለ በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አፍስሱት፤ የትንኙ እጭ ወደ ትንኝነት ለመድረስ ጊዜ እንዳያገኝ።

ዛፍን በተመለከተ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ስታዩ መጥረቢያውን አስቀምጡ። እነዚህ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው። አለመቁረጥ ግን በቂ አይደለም። የዛፍ ሥር በብዛት ያለው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ወደ ጎንም ከቅርንጫፉ ጫፍ ይሻገራል። ቅርንጫፉ የሚያጠላበትን መሬት እጠሩት። እዚያ ውስጥ ማሽን አይቁም፣ አሸዋ አይከመር፣ ቦይ አይቆፈር። ካልሆነ ዛፉ ፕሮጀክቱ ከተረከበ ከሁለት ዓመት በኋላ ይደርቅና «በበሽታ ሞተ» ይባላል።

10. የአፈር ማውጫውንና ካባውን ሳትዘጉ አትሂዱ

የመጨረሻ ክፍያ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህ ይለቅ። ክፍት የተተወ ጉድጓድ በክረምት ይሞላል። ከብት ይወድቅበታል፣ ልጆች ይዋኙበታል፣ በየዓመቱም ሕይወት ይጠፋል።

ጠርዙን አለዝቡት፤ ቢያንስ ለአንድ ሜትር ከፍታ ሁለት ሜትር አግድም ይሁን። ለብቻ ያስቀመጣችሁትን ለም አፈር መልሱበት። ሣር ወይም ችግኝ ይተከልበት። ባለ መሬቱ «ለከብት ውሃ ይሁን፣ ተዉት» ካለ በአንድ በኩል ከብት የሚወርድበት ረጋ ያለ መንገድ ሠርታችሁ፣ በሌላው በኩል አጥራችሁ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ አስፈርሙ። ካምፑ ውስጥ ዘይት የፈሰሰበትን አፈር ቆፍራችሁ አውጡ። የመጸዳጃ ጉድጓዶችን ሙሉ።

ከዚያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያነሳችሁትን ፎቶ ይዛችሁ፣ በዚያው ቦታ ቆማችሁ ሌላ አንሱ። ባለ መሬቱ፣ የቀበሌው ተወካይ፣ የወረዳው አካባቢ ጥበቃ ባለሙያና አማካሪ መሐንዲሱ አብረው ዞረው ርክክቡ ላይ ይፈርሙ። ቅርስ የተገኘ ከሆነ ባለሥልጣኑ የተረከበበት ሰነድና ያገኘው ሠራተኛ ስም ከመጨረሻው ሪፖርት ጋር ይያያዝ። የሽልማት ጥያቄውን ለሠራተኛው ብቻ አትተዉለት፤ ደብዳቤውን ራሳችሁ ጻፉለትና ቅጂውን ስጡት።